የዘንድሮ ድልድይና የካቻምና ድልድይ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ! ተጠጋችሁ? ደምስ፣ እግርህን ሰብስብ። ትርንጎ፣ ሳቅሽን ለኋላ አቆዪው፤ የሚያስቅ ይመጣል። ይህን ተረት የነገረኝ አያቴ ነው፤ ለእሱ የነገረው ደግሞ የእሱ አያት ነው። የእኛ ቤተሰብ በሬ አጥቶ ያውቃል፣ እህልም አጥቶ ያውቃል፤ ይህን ተረት ግን አጥቶ አያውቅም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሸንጎ ተቀምጠው በሚሟገቱበት ዘመን፣ ስሙን በማልነግራችሁ አንድ ደጋ አገር፣ ከተራራው እግር እስከ አናቱ የቀርከሃ ደን ነበር። የገባበት ነፋስ እንኳ ቶሎ መውጫ አያገኝም ይባል ነበር። የአገሩ እንስሳ ሁሉ ቤቱን የሚሠራው፣ አጥሩን የሚያጥረው፣ ጎተራውን የሚጎነጉነው ከዚያው ደን እየቆረጠ ነው። ያም ሆኖ ደኑ አንድ ቀን ሳስቶ አያውቅም። ለምን አትሉኝም? ለምን በሉኝ እንጂ! ጠባቂ ስለነበረው ነዋ።

ጠባቂዋ እመት ጉሬዛ ነበረች። መልኳ ጥቁር ነው፤ ከትከሻዋ ላይ ነጭ ነጠላ ጣል ያደረገች ትመስላለች። ዓይኗ በእርጅና ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን የጉንዳን ሠርግ ይሰማል። ቀርከሃ ሊቆርጥ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ይዞ ይገባል። እሷም እያንዳንዱን ቀርከሃ በጣቷ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። “ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ” ካለ ዘንድሮ የበቀለ ነው። “ዷ፣ ዷ፣ ዷ” ካለ የአምና ነው። “ቋ! ቋ! ቋ!” ካለ ግን የካቻምና ነው። ያኔ ፈገግ ትልና እንዲህ ትላለች፦

“ዘንድሮ ይደግ፣
አምና ይጠንክር፣
ካቻምና ይቆረጥ!”

ይህን ያለችው ለጨዋታ አይደለም። ቀርከሃ ጉደኛ ተክል ነው፤ ቁመቱን በአንድ ክረምት ይጨርሳል። ኅዳር ላይ ብታዩት የዘንድሮውም፣ የአምናውም፣ የካቻምናውም እኩል ቆመዋል። ቁመት በአንድ ክረምት ይመጣል፤ ጥንካሬ ግን ሦስት ዓመት ይፈልጋል። አንዳንድ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ስም አልጠራም።

ታዲያ በዚያ አገር አያ ቀበሮ የሚባል አንድ ብልጣ ብልጥ ነበር። አፉ ቅቤ፣ ሥራው አሜኬላ። አንድ ቀን ቤት ልሥራ ብሎ ደን ገባ። እመት ጉሬዛ ካቻምናውን አንኳኩታ ሰጠችው። አያ ቀበሮ በጥርሱ ቢይዘው አልገባለት አለ። ቢነክሰው ድዱ ደማ። ከጎኑ ያለውን የዘንድሮውን ነከስ ቢያደርገው ግን እንደ እሸት በቆሎ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ።

“እመት ጉሬዛ፣” አለ አያ ቀበሮ፣ “ይሄ ቁመቱ ከዚያኛው እኩል፣ መልኩ ከዚያኛው የሚያምር፣ ለጥርስም የሚመች ነው። እርስዎ ለምን ደረቁን ያስቆርጡናል?”

“ልጅ ስለሆነ ነው፣” አለች።

“ልጅ? ከእኔ አምስት እጥፍ የሚረዝም ልጅ?”

“ረጅም ልጅ አይተህ አታውቅም? አፍህን ከልጁ ላይ አንሣ።”

አያ ቀበሮ አፉን አነሣ። ቂሙን ግን አላነሣም።

በዚያው ዓመት በአገሩ ላይ አንድ ትልቅ ኀዘን ደርሶ ነበር። በደኑና በግጦሹ መካከል አንድ ወንዝ ያልፋል። በበጋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ክረምት ሲገባ ግን በሬ ይወስዳል። እመት ሚዳቋ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ግጦሽ ስትሻገር ወንዙ ድንገት ሞላ። አንዲቱን ልጅ በአፏ ይዛ አወጣች። አንዱን ወንዙ ወሰደው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚዳቋ የቀረችላትን አንዲት ልጅ ሆዷ ሥር አስገብታ ካልሆነ አትተኛም። ክረምት መምጣቱ አይቀርም፤ ሣሩ ደግሞ ያለው ማዶ ነው።

ስለዚህ አያ አንበሶ ሸንጎ ጠራ። “ድልድይ ይሠራ!” አለ። ሁሉም “ይሠራ!” አሉ። “ማን ይሥራው?” ሲል ሁሉም ወደ እመት ጉሬዛ ዞሩ።

“እሠራለሁ፣” አለች። “ግን ካቻምናውን አንኳኩቼ፣ አንድ በአንድ መርጬ፣ በጥላ አድርቄ፣ በልጥ አስሬ ነው። አርባ ቀን ስጡኝ።”

አያ ቀበሮ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። “ጌቶቼ! አርባ ቀን? እኔ በሦስት ቀን እሠራዋለሁ! ይህች አሮጊት ዓይኗ አላይ ስላላት እኛን በጣቷ ትመራናለች። ዘንድሮ ይደግ፣ አምና ይጠንክር እያለች ሦስት እጅ ደን ይዘን በአንድ እጅ ታኖረናለች። ደኑን ለእኔ ስጡኝ፤ ለሁላችሁም አዲስ ቤት፣ አዲስ አጥር፣ በላዩም ድልድይ!”

ሸንጎው ተንጫጫ። አዲስ ቤት የሚጠላ የለም። በተለይ አያ ጅቦ አዲስ ቤት ሲባል ምራቁን ዋጠ።

አያ አንበሶ ጢሙን አሻሸና ፈረደ። “እንዲህ ይሁን። ደኑ ለሁለት ይከፈል፤ ግራው ለቀበሮ፣ ቀኙ ለጉሬዛ። ቀበሮ ከላይ ድልድይ ይሥራ፣ ጉሬዛ ከታች። ሰኔ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ እንመርቃቸዋለን። ድልድዩ የጸናለት ደኑን በሙሉ ይጠብቃል። ድልድዩ የፈረሰበት ከደኑ ይወጣል፤ ተመልሶም አይገባም።”

እመት ጉሬዛ የተወለደችው እዚያ ደን ውስጥ ነው። እናቷ የሞተችው እዚያ ነው፤ ሰባት የልጅ ልጆቿ እንጥልጥል የሚሉት እዚያ ነው። በእርጅናዋ ወዴት ትሄዳለች? የደኑስ ነገር? ሁሉም አንገቷን ትደፋለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ቀጥ አለች።

“እሺ፣ ጌታዬ። እኔ ደኔን አምነዋለሁ። አያሳፍረኝም።”

አያችሁ አነጋገሯን? እንዲህ ነው የሚኮራ! በጥርሱ የሚኮራ አለ፣ በጩኸቱ የሚኮራ አለ፤ እሷ የኮራችው በጠበቀችው ነገር ነው።

አያ ቀበሮ በማግስቱ ወደ ግራው ደን ገባና ዘንድሮውን ያጭደው ጀመር። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! አያ ጅቦ እየተሸከመ ያወጣለታል። በሦስት ቀን ድልድዩ ተሠራ። አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ለዓይን ያሳሳል። በተረፈው ቀርከሃ ለአያ ጅቦ ቤት ሠራለት፣ ለዝንጀሮ አጥር አጠረለት፣ ለጦጣ ቆጥ ሰቀለላት። ግራው ደን ደረቅ ደረቁ ብቻ ቀርቶበት ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ሆነ። ምቀኛ አይደለሁም፤ ግን እንዲያ ያለ ደን ሳይ ሆዴን ያመኛል።

እመት ጉሬዛ ግን ገና ታንኳኳለች። አያ ቀበሮ በየቀኑ በደጇ እያለፈ ይጣራል።

“እመት ጉሬዛ! አልደረሱም እንዴ?”

“ቋ ሲል እደርሳለሁ፣” ትላለች።

በአሥረኛው ቀን፣ “እመት ጉሬዛ! አልደረሱም እንዴ?”

“ቋ ሲል እደርሳለሁ።”

በሠላሳኛው ቀንም፣ “እመት ጉሬዛ! ኧረ አልደረሱም እንዴ?”

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ አያ ቀበሮ። ቋ ሲል እደርሳለሁ።”

በአርባኛው ቀን ደረሰች። ድልድይዋ ቢጫ፣ ቀጭን፣ ምንም የማያስደንቅ ነበር። የሚያልፈው ሁሉ የቀበሮን አይቶ ያጨበጭባል፤ የእሷን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል።

በጋው ገፋ። ፀሐይ ጠነከረች። አንድ ቀን አያ ጅቦ እየሮጠ፣ እያለከለከ ወደ አያ ቀበሮ መጣ። አፍንጫው ነጭ በነጭ ሆኗል።

“አያ ቀበሮ! አያ ቀበሮ! ቤቴ ዱቄት ወለደ!”

“ምን ወለደ?”

“ዱቄት! ከግድግዳው ብን ብን እያለ ይወርዳል። ዛሬ አንድ እፍኝ፣ ትናንት አንድ እፍኝ!”

አያ ቀበሮ ነገሩ ገባው። ዱቄቱ የነቀዝ ነበር። የዘንድሮ ቀርከሃ ውስጡ ጣፋጭ ነው፤ ነቀዝ ይወደዋል። ሲደርቅ ደግሞ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ገብቶ ከውስጥ ይፈጨዋል። የአያ ቀበሮ አፉ ግን ቅቤ ነው አላልኳችሁም?

“እሰይ! በረከት ነው፣ አያ ጅቦ! እንዳትናገር፣ ሰው እንዳይሻማህ። ዝም ብለህ ላስ።”

አያ ጅቦ ደስ ብሎት ሄደ። ጠዋት ይልሳል፣ ማታ ይልሳል። ነቀዙ በአንድ በኩል፣ ጅቡ በአንድ በኩል ቤቱን በሉት። ትርንጎ፣ አሁን ሳቂ።

አያ ቀበሮ ግን ወደ ድልድዩ ሮጠ። ዱቄቱ ከድልድዩም ይረግፋል። ምን ያድርግ? ጭቃ አቦካና ቀዳዳውን ሁሉ ለሰነው። በጭቃው ላይ ለምለም ቅጠል አለበሰው። ከሩቅ ሲያዩት ሙሽራ መሰለ። የሚያውቀውን አውቆ ዝም አለ፤ በደሉ ይኼ ነው። ያላወቀ ይሳሳታል፤ እሱ ግን አውቆ ለሰነው።

ግንቦት ሲያልቅ አያ ጅቦ አንድ ቀን ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲያክክ ቤቱ ተናደ። አያ ጅቦ ከፍርስራሹ ወጣና ቤቱን እንደ ሟች አለቀሰለት። “ወልዶ ወልዶ ሞተብኝ!” አለ። ማንም አልገባውም፤ የጅብ ነገር ነው ብለው አለፉት።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ወረደ፣ ወንዙ ሞላ፣ ደራሹ ድንጋይ እያንከባለለ ያገሳ ጀመር። አገሩ ሁሉ ወንዝ ዳር ተሰበሰበ። አያ አንበሶ ከጉብታው ላይ ተቀመጠ። “መጀመሪያ የቀበሮ ድልድይ ይመረቅ!” አለ።

አያ ቀበሮ ወደ ፊት ወጣ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ወደ እመት ሚዳቋ ዞረ።

“እመት ሚዳቋ፣ በዚህ ወንዝ ያዘንሽው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ክብር ለማን ይገባል? ለአንቺ ነው እንጂ! ልጅሽን ይዘሽ እለፊበት፣ እንባሽንም አብሺበት።”

ሚዳቋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከልጇ ሞት ወዲህ እንዲህ ያከበራት የለም። “እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ቀበሮ፣” አለችና ልጇን ከፊቷ አድርጋ እግሯን ወደ ድልድዩ አነሣች።

“ቁሚ!”

እመት ጉሬዛ ናት። በደካማ ዓይኗ እየዳሰሰች መጣች፣ ጎንበስ አለችና በጣቷ አንኳኳች። ጭቃው ረገፈ። ድልድዩ “ፍስስ” አለ። ዱፍ እንኳ አላለም።

“ልጅሽን መልሺ፣ ሚዳቋ። ይህ ድልድይ ከልጆች የተሠራ ነው፤ ልጅ በልጅ ላይ አይሻገርም!” ከዚያ ወደ አያ አንበሶ ዞረች። “ጌታዬ፣ የአገራችን ሕግ ተረሳ እንዴ? በአዲስ ድልድይ ላይ ሠሪው ቀድሞ ይሻገራል። ክብርም ከሆነ ክብሩ የእሱ ነው።”

“እውነት ነው!” አለ ሸንጎው። “ሠሪ ቀድሞ ይሻገራል!”

አያ ቀበሮ አንድ እግሩን ማንከስ ጀመረ። “ዛሬ እግሬን አሞኝ… ደግሞስ ብቻዬን ሠራሁት እንዴ? ቀርከሃውን የተሸከመው አያ ጅቦ ነው። ክብሩ ለአያ ጅቦ ይሁን!”

አያ ጅቦ ክብር የሚባል ነገር ቀምሶ አያውቅም። ደረቱን ነፋ፣ ጅራቱን ቀሰረ፣ ተንጎራደደ። ድልድዩ አፋፍ ሲደርስ ግን አፍንጫው አንድ ነገር ሸተተው። ጎንበስ ብሎ ላሰ። እንደገና ላሰ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮም ጮኸ።

“ኧረ ጎበዝ! ይሄም እንደ ቤቴ ዱቄት ይወልዳል! ያው ዱቄት ነው! ቤቴም የሞተው ይህንኑ ወልዶ ወልዶ ነው!”

መጀመሪያ ዝንጀሮ፣ “የእኔም አጥር ዱቄት ያራግፋል፣” አለ። ጦጣም፣ “የእኔም ቆጥ ትናንት ጥሎኛል፣” አለች። ሚዳቋ ልጇን ሆዷ ሥር አስገባች። የፈራችው ወንዙን አልነበረም፤ ሊሆን የነበረውን ነው።

አያ አንበሶ ከጉብታው ወረደ። ድምፁን አላነሣም። “ቀበሮ። ዱቄቱን ታውቅ ነበር?”

አያ ቀበሮ፣ ያ አፈ ቅቤ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ቀበረ።

“እንግዲያስ ተሻገር።”

ተሻገረ ይባል ይሆን? አንድ ርምጃ ሄደ፤ ድልድዩ ሲጥ አለ። ሁለት ርምጃ ሄደ፤ ጭቃው ረገፈ። በሦስተኛው ድልድዩ ከመሐሉ ተቀነጠሰ፤ ዱቄቱ ወደ ላይ፣ አያ ቀበሮ ወደ ታች። ወንዙ ጠቅልሎ ወሰደው። ብቅ ይላል፣ ጥልቅ ይላል። “ድረሱልኝ!” ይላል። ከላይ ያለ ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ።

እመት ጉሬዛ ግን አልቆመችም። ወደ ታች ሮጣ፣ የራሷ ድልድይ ላይ ወጥታ፣ በእግሮቿ ተንጠለጠለች። ወንዙ አያ ቀበሮን እያንከባለለ ሲያመጣው አንድ ረጅም ቀርከሃ አቀበለችው።

“ያዘው!”

“ይሰበራል!” አለ እየጮኸ።

“ያዘው እልሃለሁ! ካቻምና ነው፣ አይሰበርም!”

ድዱን ያደማውን ያንን ደረቅ ቀርከሃ ነክሶ ያዘ። አልተሰበረም። እየጎተተች ድልድዩ ላይ አወጣችው። ውኃ እያንጠባጠበ ተጋደመ፤ ያልወደደው ካቻምና ነፍሱን አተረፈለት።

ከዚያ እመት ጉሬዛ ሕጉን ፈጸመች። ሰባት የልጅ ልጆቿን፣ ሁለቱን በጀርባዋ፣ ሦስቱን በሆዷ፣ ሁለቱን በጅራቷ አንጠልጥላ በድልድይዋ ላይ ሄደች። ከእግሯ ሥር ምን እንደተሰማ ልንገራችሁ? ቋ! ቋ! ቋ! መሐል ላይ ስትደርስ ቆማ ዘለለችበት። ቋ! ማዶ ደረሰችና ወደ ኋላ ዞረች።

“ሚዳቋ፣ ልጄ፣ አሁን ነይ።”

ሚዳቋ ልጇን አስቀድማ ተሻገረች። ያቺ ግልገል መሐል ላይ ደርሳ ወደ ወንዙ አጎንብሳ አየች። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልያዘቻትም። ቀጥሎ ዝንጀሮ፣ ቀጥሎ ጦጣ፣ ቀጥሎ አያ አንበሶ ራሱ ከነግርማው። መጨረሻ አያ ጅቦ፤ እየላሰ። “ይሄኛው አይወልድም፣” አለ አዝኖ። አገሩ ሁሉ ሲሻገር ተራራው ቋ! ቋ! ቋ! እያለ መለሰ። እመት ጉሬዛ ማዶ ቆማ በደካማ ዓይኗ አላየቻቸውም፤ ሰማቻቸው እንጂ። እንባዋ በነጭ ጢሟ ላይ ወረደ።

“ደኔ አላሳፈረኝም፣” አለች።

አያ አንበሶ፣ “ቃሌ ቃል ነው፤ ቀበሮ ከደኑ ይውጣ!” አለ። እመት ጉሬዛ ግን እጅ ነሣች። “ጌታዬ፣ አጥፍቶ ወጥቶ ማን ያልማው? ያጨደውን ያሳድገው። ግራው ደን ሦስት ዓመት ይዘጋ፤ ማንም አይቁረጥበት። እሱ ዳርዳሩን ይጠብቅ።” ሸንጎው፣ “ይበል!” አለ።

ስለዚህ አያ ቀበሮ የደን ዳር ጠባቂ ሆነ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ከደን ዳር የሚጮኸውን ሰምታችሁት የለም? ተርቦ እንዳይመስላችሁ። “ዘንድሮ ይደግ! አምና ይጠንክር!” እያለ ነው። “ካቻምና ይቆረጥ” የሚለውን ግን አይጮኽም፤ እሱን የሚለው የሚያንኳኳ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት እመት ጉሬዛ ወደ ግራው ደን ገባች። ከአጨዳው በኋላ የበቀለ አንድ ቀርከሃ አንኳኳች። ቋ! አለ። አያ ቀበሮም ከጎኗ ቆሞ ሰማ፤ ይኸው ድምፅ ገብቶት አንገቱን ደፋ ይባላል። እኔንም አያቴ በልጅነቴ እጄን ይዞ ደን አስገብቶኝ እንዳንኳኳ አድርጎኛል። ያ ደን ዛሬም አለ። ያ ድልድይ በየጊዜው በካቻምና እየታደሰ ዛሬም ቆሟል። አባቶቻችን ሲቆርጡ ኖሩ፤ ደኑ አላለቀም። ይህን ስናገር ደረቴ ቢነፋ አትፍረዱብኝ፤ የሚያኮራ ነገር የያዘ ይኩራ። ነገ ጠዋት ደምስንም ትርንጎንም ይዣችሁ እሄዳለሁ፤ ጣታችሁን አዘጋጁ።

ተረቴ ወንዙን ተሻግሮ ገባ፤ እናንተም ቤታችሁ ግቡ። ስትገቡ ግን ይህን ይዛችሁ ግቡ፦

ካቻምናን የቆረጠ ተሻገረ፤ ዘንድሮን የቆረጠ ሳይሻገር ቀረ።